ጀርባው የታወቀ ካርታ

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የነገሩኝ የድሮ ጎረቤታችን የማቴዎስ እናት ናቸው። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ጥበቃዎች መታወቂያ አልያዙም ብለው ስለከለከሏቸው በቢሮ ስልክ ተጠራሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ በሩ ያለውን መንገድ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሄጄ ስደርስ አጥሩን ተደግፈው፣ አንድ ፌስታል ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል።

«ዘነቡ ሞተች» አሉኝ፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ። «ስልክሽን የሚያውቅ ጠፋ። እኔም ለቅሶው እስኪያልቅ ከቤቷ መውጣት አልቻልኩም።»

ምን እንዳመማቸው ጠየቅሁ።

«ኩላሊት ነው አሉ። ሁለት ወር ተኛች። ይኸው፣ ይሄን ለአስቴር ስጪ ብላኛለች። ሌላ ነገር አላለችም።»

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ክዳኑ የዛገ፣ አራት ማዕዘን የብስኩት ቆርቆሮ ነው። አውቀዋለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ፣ በምን ጨርቅ እንደተሸፈነ፣ ከሥሩ ምን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ስለማውቅም አልከፈትኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበትና ከሰዓት ሙሉ የተገነጠሉ መጻሕፍት ስለጥፍ ዋልኩ። ሥራዬ ተማሪ የቀደደውን መጠገን ነው። ሲደክመኝ እንኳ እጄ ሥራውን አይስተውም። እጄን ያስተማሩት ደግሞ እትዬ ዘነበች ናቸው።

ከሐይቁ ዳር መንደራችን ከቡሹሎ ወጥቼ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ስከራይ ዕድሜዬ ሃያ ሰባት፣ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ቀን ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፣ ማታ እማራለሁ። በግቢው ካለነው አምስት ተከራዮች የጽሕፈት የሚመስል ጠረጴዛ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ እሑድ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስጽፍ አዩኝ።

«ተማሪዋ» አሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ያሉኝ እንደዚያ ነው። «እዚህ መጥተሽ አጥኚ። መጀመሪያ ግን እጅሽን ታጠቢ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«ደርቋል?»

አየሁት። አልደረቀም። በራቸው ላይ እጄን ዘርግቼ እስኪደርቅ ቆምኩ፤ እሳቸውም ከውስጥ ሆነው አብረውኝ ጠበቁ።

እትዬ ዘነበች ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። አሠሪያቸው ካርታ የሚያነቡ አሮጊት ነበሩ። ሰው ኮንከር የሚጫወትበትን ካርታ አይደለም፤ ታሮት የሚባለውን፣ ሥዕል በሥዕል የሆነውን፣ ሰው ስለ ነገው የሚጠይቅበትን ነው። አሮጊቷ ጣታቸው በቁርጥማት ተቆልምሞ መበወዝ ሲያቅታቸው የሚበውዙላቸው እትዬ ዘነበች ሆኑ። «አፏ እሷ ነበረች፣ እጇ እኔ» ይሉ ነበር። «ስምንት ዓመት በወዝኩላት። አንድ ጥፍር አላስነካሁም።» አሮጊቷ ሲሞቱ ልጆቻቸው ከቤቱ አንድ ማስታወሻ ምረጪ አሏቸው፤ ካርታውን መረጡ። አጠገቡ የወርቅ ሰንሰለት ነበር አሉ። ይህን ሲናገሩ የኩራትም የቁጭትም ድምፅ አልነበራቸውም። በዚያ ጠዋት ምን እንደለበሱ የሚናገሩ ይመስል ነበር።

ካርታዎቹ ሰባ ስምንት ናቸው። ፊታቸው የተለያየ ነው፤ ጀርባቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው፣ በቀጭን ነጭ መስመር የተሸመነ። አበዋወዛቸው እንዲህ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ይነጠፋል፣ በፎጣው ላይ ጥቁር የሱፍ ጨርቅ። ካርታዎቹ ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ ይፈሳሉ። ከዚያ በሁለት መዳፍ፣ ጣት ሳይታጠፍ፣ ክብደት ሳይጣልባቸው፣ በቀስታ ዙሪያውን ይታሻሉ። ሲሰበሰቡም ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ እየተደረጉ አይስተካከሉም፤ በመዳፍ ጠርዝ ከየጎኑ ይገፋሉ። ጠያቂው መዳፉን አንድ ጊዜ ብቻ ያሳርፍባቸዋል፣ ያውም ታጥቦ፣ ደርቆ። ቫዝሊን የተቀባ ይመለሳል። በክረምት ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ካርታን ከካርታ ስለሚያጣብቅ ከቆርቆሮው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ሩዝ ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ሙሽራ መጣች። ሠርጓ የፊታችን እሑድ ነው፤ ጥፍሯ ረጅም፣ ቀይ፣ በአንዳንዱ ላይ ብልጭልጭ የተለጠፈበት። ጥያቄዋ ስለ ሙሽራው ነበር።

«ጥፍርሽን አንሺና ነይ» አሏት።

«እትዬ፣ ለሠርጉ እኮ ነው የተሠራሁት። ሁለት ሰዓት ተቀምጬበታለሁ።»

«ካርታው ላይ አታሳርፊውማ።»

ልጅቱ ጥፍሯን አየች፣ ካርታዎቹን አየች። «ይቅር በቃ» አለች።

«እንግዲያው መልሱን ታውቂዋለሽ» አሏት። «ሂጂ አግቢ።»

ልጅቱ እየሳቀች ወጣች። እሳቸው አልሳቁም፤ ጨርቁን አጠፉ።

በግቢው በር አጠገብ ዛፍ ሥር ኮንከር የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ደረጀ የሚባለው ባጃጅ ነጂ በመስኮቱ እያየ ይነካካቸው ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ ካርታ ነው ወይስ ሊጥ? ይስጡኝ፣ ትርርር አድርጌ በአንድ አፍታ ልበውዝልዎት።»

«አንተ ትርርር የምታደርገው ጆከሩን ወደ ራስህ ለማምጣት ነው።»

«እርስዎስ የትኛውን ነው የሚፈልጉት?»

«አንዱንም» አሉት። «ለዚህ ነው ቀስ የምለው።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ ግን ነገሩ ስላልገባኝ ደብተሬን ዘግቼ ጠየቅሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥንቃቄው ሁሉ ዕቃ ለማቆየት ይመስለኝ ነበር።

«ፊቱ ቢያረጅ ግድ የለኝም» አሉኝ። «ጀርባው ነው። አንዱ ካርታ ጥጉ ላይ ቢታጠፍ ሳልገልጠው አውቀዋለሁ። ካወቅሁት ደግሞ እጄ ወይ ይሄድበታል፣ ወይ ይሸሸዋል። ያን ጊዜ ካርታ አነበብኩ አይባልም። የማውቀውን ገልጬ ‹ወጣልሽ› ብላት ዓይኗን እያየሁ መዋሸቴ ነው።»

«ካርታው ያውቃል ብለው ያምናሉ?»

«ወረቀት ነው፣ ምን ያውቃል። እኔም አላውቅም፣ የመጣችውም አታውቅም። ሦስታችን ሳናውቅ እንቀመጣለን። ብቻዋን ከምትቀመጥ አይሻልም?»

እኔ በካርታ አላምንም፤ ያኔም አላመንኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ስገልጥ ከላይኛው ጥግ በኩል፣ በጣቴ ሥጋ እንጂ በጥፍሬ አይደለም።

የማቴዎስ እናት በየረቡዑ ከሰዓት ይመጡ ነበር። ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ይህን ነገር ቢሰማ ከመዘምራኑ ወንበር ያስነሣቸዋል። ስለዚህ በጓሮ በር ይገባሉ። ከመቀመጣቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፣ «በኢየሱስ ስም» ብለው ይጨርሱና «በይ ግለጪ» ይላሉ።

«ይሄ ጸሎት ለእኔ ነው ለራስሽ?» ይሏቸዋል እትዬ ዘነበች።

«ለሁለታችን ነው። አብረን አይደል የምንቃጠለው?»

በሳምንት አንድ ጊዜ የሚስቁት ያኔ ይመስለኛል።

ማቴዎስ ብቸኛ ልጃቸው ነው። በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከኬንያ ሁለቴ፣ ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እኔ ግቢው ውስጥ ስገባ ከጠፋ ዓመት ሆኖት ነበር። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አለ ወይ?»

ከሰባ ስምንቱ ካርታ አንዱ ላይ አጽም ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ሞት ነው። እትዬ ዘነበች ለሌላ ሰው ሲወጣ «አንድ ነገር ሊያልቅ ነው፣ ሌላ ሊጀመር ነው» እያሉ ያለሰልሱታል። ለማቴዎስ እናት ግን ገና ሲጀምሩ «ለአንቺ ከወጣ እንዳለ እነግርሻለሁ። ውሸት ከፈለግሽ ሌላ ቤት ሂጂ» ብለዋቸው ነበር። እሳቸውም በዚያ ተስማምተው ነው የሚመጡት። የሚወጣው ሦስት ካርታ ነው። ሦስቱ ተገልጠው እስኪያልቁ የሁለቱንም ትንፋሽ እሰማለሁ፤ መጽሐፌ ላይ ዓይኔን ተክዬ አንድ መስመር አላነብም። በሁለት ዓመት ውስጥ አጽሙ አንድም ጊዜ አልወጣም።

አሁን የእኔን ልጻፍ።

የአካባቢው ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ዕለት ነው። ግቢው ሁሉ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ወጥቶ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ ነበር። እትዬ ዘነበችን ጎረቤቶች ነጭ አልብሰው ይዘዋቸው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ እንዳጠና ቁልፉን ለእኔ ትተውልኛል። ቆርቆሮውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በዚያ ሳምንት የሒሳብ መምህራችን የዕድልን ስሌት ሲያስተምረን ካርታ ይዞ መጥቶ ነበር። ከሁለት ከፍሎ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ አጉብጦ ለቀቀው፤ አንዱ በአንዱ መሐል ትርርር ብሎ ገባ። በደንብ ያልተበወዘ ካርታ ስሌቱን ያበላሻል አለ። ዕድሜው ከገፋ በኋላ የተማረ ሰው የተማረውን ሁሉ ወዲያው ቤት ይዞ ሄዶ ያገኘውን ሊያስተካክልበት ይነሣል። እኔም አሰብኩ። ወቅቱ እርጥብ ነው፣ ካርታዎቹ ይጣበቃሉ፣ በመዳፍ ማሸት አይለያያቸውም። አጽሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣው ለዚህ ቢሆንስ? እንግዲያው የማቴዎስ እናት በየሳምንቱ ይዘውት የሚሄዱት መልስ የተሳሳተ መልስ ነው። በማላምንበት ነገር ውስጥ እንኳ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልቻልኩም።

እጄን ታጠብኩ። አደረቅሁ። ይህን የምጽፈው ይህን ያህሉን በትክክል ስላደረግሁት ነው። ካርታዎቹን ከሁለት ከፈልኳቸው፣ አጎበጥኳቸው፣ ለቀቅኋቸው። አንድ ጊዜ ሠራ። በሁለተኛው አንዱ ከጣቴ አመለጠና ከሌሎቹ ጋር ተጋጭቶ ጥጉ ታጠፈ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ደረቅ ቅጠል የተረገጠ ያህል። ገለጥኩት። አጽሙ ነው። ከሰባ ስምንቱ እሱ መሆኑን እስከ ዛሬ አስልቼ አልጨረስኩም።

ጥጉን አቃናሁት። ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ቀረ፤ ሰማያዊው ቀለም ተፈርፍሯል። ጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ አስገብቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። ከጉዱማሌ የሚመለሰው ሰው ዘፈን ከመንገድ ሲሰማ አውጥቼ ከሌሎቹ መሐል ቀላቀልኩት። አልተናገርኩም። ከተጠየቅሁ እናገራለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ረቡዕ የማቴዎስ እናት መጡ፣ ጸለዩ፣ ተቀመጡ። እትዬ ዘነበች ካርታዎቹን ጨርቁ ላይ አፍስሰው ማሸት እንደጀመሩ እጃቸው ቆመ። አንዱን ካርታ በሌባ ጣታቸው ዳሰሱት። ወደ ራሳቸው ብቻ አዘንብለው ፊቱን አዩና መልሰው ደፉት። ወደ እኔ አላዩም። እንደገና አሹ፣ ከሌላው ቀን አብልጠው፣ አርዝመው። ሰበሰቡ። ሦስት ካርታ አወጡ። ሁለቱ ንጹሕ ሰማያዊ ናቸው። ሦስተኛው ጥጉ ላይ ነጭ መስመር አለው።

የማቴዎስ እናት ሦስቱንም አንድ አድርገው ነው የሚያዩት። እኛ ሁለታችን እናውቃለን። እትዬ ዘነበች የመጀመሪያውን ገለጡ፣ ሁለተኛውን ገለጡ። ሦስተኛው ላይ መዳፋቸውን ጣሉበት።

«ዛሬ ይቅር» አሉ።

«ምነው?»

«እጄ ጥሩ አይደለም።»

«እጅሽ ሁለቱን ገልጦ የለ እንዴ?»

«ይቅር አልኩሽ።»

የማቴዎስ እናት በሩ ላይ ዞሩ። «ዘነቡ፣ ክፉ ከሆነ ንገሪኝ ብዬሻለሁ።»

«ካርታው ምንም አላለም። ልናገር የነበርኩት እኔ ነኝ።»

በጓሮ በር ወጡ። ካርታው ሳይገለጥ ወደ ሌሎቹ ተመለሰ።

«የፍቼ ለት ነው?» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

«አዎ። እንዴት አወቁ?»

«መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል።»

«ለምን አልገለጡትም? እርስዎ አልመረጡትም እኮ፤ በራሱ ነው የወጣው።»

«በራሱ?» መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። «ካርታዎቹን ሳሽ እሱን ላርቀው እየሞከርኩ ነበር። ስሸሸው ይሆን የመጣው? ወይስ ይለይላት ብዬ ሳላስበው ስቤው ይሆን? አላውቅም። በፊትም አላውቅም ነበር። የዛሬው አለማወቅ ግን ንጹሕ አይደለም።»

ያንን ካርታ ብናወጣውስ አልኳቸው። «ሞት የሌለበትን ካርታ ለማን ነው የማነበው?» አሉ። አዲስ ከውጭ ላስመጣልዎት አልኳቸው። እጃቸው የሚያውቀው ይሄን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እጅሽን ታጥበሽ ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ደርቆ ነበር?»

«አዎ።»

«ጥሩ» አሉና ቆርቆሮውን ከደኑት።

ከዚያ በኋላ ለማንም አላነበቡም። የሰው ልብስ እየተኮሱ ኖሩ፤ ሸሚዝ ሲያጥፉም ያው በመዳፍ ጠርዝ ነበር። ጠያቂው ቀስ በቀስ ቀረ። ያልቀሩት የማቴዎስ እናት ብቻ ናቸው። በየረቡዑ በጓሮ በር ይገባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቀመጣሉ። «ዛሬስ?» ይላሉ። «ዛሬም አይሆንም» ይሏቸዋል። ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ጥግ ላይ መጽሐፌን ይዤ አለሁ።

ያንን «ዛሬስ» ዓመታት ሰማሁት። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስቀጠር ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ቤት ፈለግሁ፤ ለመንገዱ ይቀርበኛል አልኩ። መጀመሪያ በየወሩ እጠይቃቸው ነበር፣ ከዚያ በየበዓሉ፣ የመጨረሻውን ሁለት ዓመት ጭራሽ አልሄድኩም። ደክሞኝ ነበር እላለሁ፤ ደክሞኝም ነበር። ግን ረቡዕ ያልሆነ ቀን ስመርጥ፣ ከዚያም የማልደክምበት ቀን ስመርጥ፣ ቀኖቹ አለቁ።

ቆርቆሮው ከተሰጠኝ አርብ እስከ ማክሰኞ መሳቢያዬ ውስጥ ቆየ። ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን እጄን ታጥቤ ከፈትኩት። ከላይ ጥቁሩ ጨርቅ፣ ከሥር የሩዝ ቋጠሮው። ካርታዎቹ ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ ተደርድረዋል። የላይኛው ጥጉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ገና ስከፍተው እንዳየው ከላይ አድርገውታል አልኩ፤ ይገባኛል። አንሥቼ ገለጥኩት።

አጽሙ አይደለም። ከሁለት ማሰሮ ውሃ የምታፈስ ሴት ናት።

ቀጣዩን አነሣሁ። ያው ጥግ፣ ያው መስመር፤ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ። ሌላ አነሣሁ፣ ሌላ። ጠረጴዛዬ ላይ ንጹሕ ወረቀት አንጥፌ ሁሉንም ዘረጋኋቸው። ሰባ ስምንቱም በአንድ ጥግ፣ በአንድ ስፋት ታጥፈው ተቃንተዋል። አንድ ጥፍር አላስነካሁም ይሉ የነበሩት ሰው ሰባ ሰባቱን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ሰብረዋቸዋል። የእጅ ሥራ አይቼ እለያለሁ፤ በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። አንዳንዱ መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ አንዳንዱ የተንቀጠቀጠ። ደፋኋቸው፣ በመዳፌ አሸኋቸው፣ እኔ ያጠፍኩትን ፈለግሁ። በመነጽርም አየሁ። አላገኘሁትም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አዲስ ከተማ ሄድኩ። የማቴዎስ እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቆርቆሮውን እጄ ላይ ሲያዩ ቦታ ለቀቁልኝ።

«አየችልኝ» አሉኝ፣ ገና ሳልጠይቅ። «አንድ ረቡዕ እንደ ልማዴ ‹ዛሬስ?› ብላት ‹ዛሬ እጅሽን ታጠቢ› አለችኝ። አልጋዋ ላይ ትሪ አስቀምጠን ጨርቁን አነጠፍን። ሦስት ረቡዕ አየችልኝ።»

«አጽሙ ወጣ?»

«አልወጣም።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አሥር ዓመት ሆነው እኮ አስቴር። ባይወጣስ፣ እኔ እናቱ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ግን ስትገልጥ ፊቷን አየሁት። ትንፋሿን ይዛለች፣ እንደኔ ፈርታለች። ከእኔ ቀድማ አላወቀችም።»

ደረጀ ባጃጁን ከመንገድ ዳር እያጠበ ነበር፤ ከሩቅ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉኝ የማቴዎስ እናት።

«አውቃለሁ። ግን እኔ ማንበብ አልችልም እናቴ። አላምንበትምም።»

«ማን አንብቢ አለሽ? መበወዝ ትችያለሽ?»

መልስ ሳይጠብቁ ገቡ። ፎጣ ሲያነጥፉ፣ ወንበር ሲጎትቱ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ መጸለይ ጀመሩ። እኔ ቆርቆሮውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄድኩ። በሳሙና ታጠብኩ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ፣ እስኪደርቁ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።